ፕላንክተን የእንስሳ ስም አይደለም

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «የባሕር ሳይንስ መግቢያ ኮርስ ጀምሬ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ሰማንያ የሚሆኑ ቃላት ተሰጡን። ፕላንክተን፣ ኔክተን፣ ቤንቶስ፣ ፔላጂክ፣ ቴርሞክላይን፣ አፕዌሊንግ ምናምን። ማታ እሸመድዳለሁ፣ ጠዋት አንዱም የለም። ደግሞ ጄሊፊሽን የሚያህል ፍጥረት ፕላንክተን ነው ሲሉን ግራ ገባኝ። ፕላንክተን በዓይን የማይታይ ነገር አይደል እንዴ? እንዴት አድርጌ ልያዛቸው?»

እህቴ፣ ዝርዝሩን ለጊዜው አጥፈሽ አስቀምጪው። እነዚህን ቃላት ለብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ። ፈተና ላይ ከሚቸገሩት ውስጥ ብዙዎቹ በደንብ የሸመደዱት ናቸው። ቃሉን ያውቁታል፣ ቃሉ ምን ተጠይቆ እንደተሰጠ ግን አያውቁም። የባሕር ሳይንስ ቃል አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ነገር መጠሪያ ሳይሆን የአንድ ጥያቄ መልስ ነው። ጥያቄዎቹ ደግሞ ጥቂት ናቸው። ፍጥረቱ ጅረትን (የሚፈሰውን የባሕር ውሃ) ተቋቁሞ ይሄዳል ወይስ ይወሰዳል? እዚህ ጥልቀት ላይ ብርሃን አለ? ውሃው ከበታቹ ካለው ይከብዳል ወይስ ይቀላል? ውሃውን የሚነዳው ምንድን ነው? ከሰማንያው ቃል አብዛኛው ከነዚህ ባንዱ ስር ይገባልሻል።

ግራ ካጋባሽ ከጄሊፊሹ እንጀምር።

ፕላንክተን የሚለውን ቃል ያወጣው ቪክቶር ሄንሰን የተባለ ጀርመናዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1887 (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከግሪክ የተወሰደ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ተንከራታች፣ ተቅበዝባዥ ማለት ነው። ልብ በይ፣ ቃሉ ውስጥ ስለ መጠን የሚናገር ነገር የለም። ስለ ዘርም የለም። «መንገደኛ» እንደሚለው ቃል ቁጠሪው። መንገደኛ ማለት ዘር አይደለም፣ ዕድሜም አይደለም፤ ሰውየው አሁን ያለበት ሁኔታ ነው። ፕላንክተንም እንደዚያው ነው፤ ጅረት ሲመጣ ተቋቁሞ መሄድ የማይችል ማንኛውም የውሃ ውስጥ ነዋሪ። ጄሊፊሽ ጃንጥላውን እያጠፈና እየዘረጋ ይዋኛል፣ አዎ። ጅረቱን አሸንፎ ወደ ፈለገበት ግን አይሄድም። የአንበሳ ጋማ የሚባለው የጄሊፊሽ ዓይነት ጃንጥላው ብቻ ከ2 ሜትር በላይ ሊሰፋ ይችላል። ያም ሆኖ ፕላንክተን ነው። በአንፃሩ ጣት የምታክል ዓሣ ጅረቱን ሰንጥቃ ካለፈች ፕላንክተን አይደለችም።

እሷ ኔክተን ናት። ኔክተንንና ቤንቶስን ጀርመናዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ኤርንስት ሄከል ነው በ1890 ያስተዋወቃቸው፤ የሄንሰን ቃል እስከዚያ ብቻውን ነበር ማለት ነው። ኔክተን ዋናተኛው ነው፤ ዓሣ፣ ስኩዊድ፣ ዓሣ ነባሪ፣ የባሕር ኤሊ። ቤንቶስ ደግሞ ወለሉን ቤቱ ያደረገ ነው። ኮራል፣ ሰፍነግ፣ የባሕር ኮከብ፣ ጭቃ ውስጥ የሚኖር ትል፣ ድንጋይ ላይ የበቀለ የባሕር ሣርም ጭምር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቤንቶስን ጥልቅ ባሕር ብቻ አድርጎ ማሰቡ ነው። ውሃው ጉልበት የማይደርስበት ዳርቻ ላይ ድንጋይ የሙጥኝ ያለ ቀንድ አውጣም ቤንቶስ ነው። ጥያቄው ስንት ሜትር ላይ ነህ ሳይሆን ወለል ላይ ነህ ወይ ነው።

ድንበሩ ሁልጊዜ ጥርት ያለ ነው ብዬ አልዋሽሽም። ክሪል የሚባለውን ሽሪምፕ መሰል ፍጥረት ውሰጂ። የአንታርክቲካው ክሪል 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደርሳል፣ ሲያድግ መንጋ ሠርቶ በደንብ ይዋኛል። አንዱ መጽሐፍ ዙፕላንክተን ይለዋል፣ ሌላው ትንሹ ኔክተን። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ፈተና ላይ ከመጣ አስተማሪሽ ያለውን ጻፊና እለፊ።

ይህ ነገር የገባኝ በንባብ አልነበረም። ተማሪ ሳለሁ በጣም ቀጭን ቀዳዳ ያለው መረብ ከጀልባ ኋላ ቀስ ብለን ጎተትን። መረቡ ጫፉ ላይ ጠርሙስ አለው፣ የተያዘው ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል። ጠርሙሱ ሲወጣ ያየሁት ድፍርስ ያለ ቡናማ ውሃ ነው፣ ትንሽ ሳሙና የገባበት ይመስላል። ደስም አላለኝ። ከዚያ አንድ ጠብታ ማይክሮስኮፕ ስር ገባች። መጀመሪያ ያየሁት ኮፔፖድ የሚባል ደቃቅ ሽሪምፕ መሰል ፍጥረት ነበር። ከሰሊጥ ፍሬ ያነሰ፣ ግንባሩ መሃል ላይ አንዲት ቀይ ዓይን ያለችው፣ ሁለት ረጃጅም አንቴናዎቹን እንደ ገመድ ላይ ተራማጅ ዘንግ ግራና ቀኝ ዘርግቶ ቆሟል። ዝም ብሎ ቆመ። ቆመ። ከዚያ ድንገት ፈንጠር! ከዕይታ ውጪ። ከጎኑ በመስታወት ሣጥን ውስጥ የተቀመጡ የሚመስሉ ዲያተሞች (ደቃቃ አልጌዎች ናቸው) እንደ ሰንሰለት ተያይዘው ይንሳፈፋሉ። ቅርፊታቸው መስታወት ከሚሠራበት ቁስ ከሲሊካ ስለሆነ መስታወት ማለቴ ማጋነን አይደለም። አንድ ጥግ ላይ ደግሞ ትልልቅ ዓይን ያለው፣ ጀርባው ላይ እሾህ የተተከለበት፣ ምን እንደሆነ ፈጽሞ ያላወቅኩት ጉድ ይንፈራገጣል። ጠየቅኩ። «ሸርጣን ነው» አሉኝ።

ሸርጣን! ለካ ሸርጣን ከእንቁላል ሲወጣ እጭ ሆኖ ለሳምንታት በጅረት ሲንገላታ ይከርማል። ከዚያ ቅርፁን ቀይሮ ወለል ላይ ያርፋል። ስለዚህ ያው አንድ እንስሳ በሕፃንነቱ ፕላንክተን፣ ሲያድግ ቤንቶስ ነው። እንዲህ ዕድሜውን በከፊል ብቻ ፕላንክተን የሆነው ሜሮፕላንክተን ይባላል፤ እንደ ኮፔፖዱ ከልደት እስከ ሞት ተንከራታች የሆነው ሆሎፕላንክተን። ዝርዝርሽ ውስጥ ሁለቱም እንደሚኖሩ እገምታለሁ። ሸርጣኑን ካስታወስሽ ሁለቱም አይጠፉሽም።

ፋይቶፕላንክተንና ዙፕላንክተን ቀላል ናቸው። ፋይቶ ብርሃን ተጠቅሞ ምግቡን ራሱ የሚሠራው፣ ዙ ደግሞ ሌላውን የሚበላው። በዓለም ላይ ከሚካሄደው ፎቶሲንተሲስ ግማሽ ያህሉን የሚሠሩት በባሕር ውስጥ ያሉ ደቃቃ ፍጥረታት ናቸው። ከነዚህ አንዱ ፕሮክሎሮኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ነው፣ ወርዱ ከ1 ሚሊ ሜትር ሺኛ እንኳን ያንሳል። በአንድ ሚሊ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ እስከ 100,000 እና ከዚያ በላይ ሊገኝ ይችላል። ምድር ላይ ካሉ ብርሃን ተመጋቢዎች በቁጥር የሚስተካከለው የለም ይባላል። እንዲህ ሆኖ ሳለ ሳይንስ ያወቀው በ1980ዎቹ ነው። የባሕር ተመራማሪዋ ሳሊ ቺዝሆልምና ባልደረቦቿ እስኪያገኙት ድረስ በየመረቡ ቀዳዳ ሲያልፍ ኖሯል።

እግረ መንገዴን፣ «ከምንተነፍሰው ኦክስጅን ግማሹ ከባሕር ነው» የሚለውን አባባል ጽሑፍሽ ላይ በጥንቃቄ ተጠቀሚበት። ግማሽ ያህሉ እዚያ ይመረታል ማለት ልክ ነው። ግን ከሞላ ጎደል ሁሉንም መልሰው የሚጠቀሙት የባሕሩ ነዋሪዎች ራሳቸው ናቸው። መመረትና ለእኛ መድረስ አንድ አይደሉም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ብርሃን። ፔላጂክ የሚለው ቃል ከፕላንክተን ጋር የሚምታታብሽ ሁለቱም በፐ ስለሚጀምሩ ብቻ ይመስለኛል። ፕላንክተን ነዋሪውን ይናገራል፣ ፔላጂክ አድራሻውን። ፔላጂክ ማለት ከወለሉ በላይ ያለው የውሃው አካል ሁሉ ነው። ይህን ውሃ እንደ ፎቅ አስቢው፣ ከላይ ወደ ታች የሚቆጠር ፎቅ። የመጀመሪያው እስከ 200 ሜትር ድረስ ነው፤ ለፎቶሲንተሲስ የሚበቃ ብርሃን ያለው እዚህ ብቻ ነው፣ ኤፒፔላጂክ ይሉታል። ከ200 እስከ 1,000 ሜትር ሜሶፔላጂክ፣ የድንግዝግዝ ቀጠና፤ ለማየት የሚሆን ጭላንጭል አለ፣ ምግብ ለመሥራት ግን አይበቃም። ከ1,000 በታች ፀሐይ የለችም። እስከ 4,000 ድረስ ባቲፔላጂክ፣ እስከ 6,000 አቢሶፔላጂክ፣ ከዚያ በታች ያለው የስርጦቹ፣ ማለትም የባሕር ወለል ጥልቅ ሸለቆዎች፣ ዓለም ሄዳል ነው። ሄዳል የመጣው ከግሪኮች የሙታን ዓለም ከሔዲስ ነው። ሲኦል በይውና ያዢው። የውቅያኖስ አማካይ ጥልቀት 3,700 ሜትር ገደማ መሆኑን ካስታወስሽ ደግሞ የባሕር አብዛኛው ክፍል ጨለማ መሆኑ ይገባሻል። እኛ ባሕር ስንል የምናስበው ከቆዳው ብዙም አያልፍም።

ብርሃኑም አንድ ላይ አይደለም የሚጠፋው። ቀዩ ገና ከላይ ይዋጣል፣ ሰማያዊው ሩቅ ይወርዳል። ጥልቅ ውሃ ውስጥ ብዙ ደማቅ ቀይ ሽሪምፖች መኖራቸው ለዚህ ነው። ለኛ መርከብ ላይ ሲወጡ ያብረቀርቃሉ፤ እዚያ ታች ግን የሚያንፀባርቁት ቀይ ብርሃን ስለሌለ ጥቁር ናቸው፣ ተደብቀዋል ማለት ነው።

የብርሃንን ነገር ለመለካት እስከዛሬ የሚሠራበት መሣሪያ የሚያስቅ ዓይነት ነው። ሴኪ ዲስክ ይባላል። በ1865 አንጀሎ ሴኪ የተባለ ጣሊያናዊ ቄስና የከዋክብት ተመራማሪ ነጭ ሰሃን የመሰለ ነገር በገመድ አሥሮ ሜዲትራኒያን ውስጥ አወረደ። ከዓይን ሲሰወር የገመዱን ርዝመት ለካ። አለቀ። ሳተላይት ባለበት ዘመን አሁንም እንጠቀምበታለን።

የሜሶፔላጂክ ነዋሪዎች ግን ፎቃቸው ላይ አርፈው አይቀመጡም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሶናር (ድምፅ ልኮ በሚመለሰው ጥልቀት የሚለካ መሣሪያ) የሚሠሩ ሰዎች ጥቂት መቶ ሜትሮች ላይ ወለል የሚመስል ነገር እያዩ ተቸገሩ። ወለሉ ደግሞ ማታ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲነጋ ይወርዳል! ወለል የት ሲንቀሳቀስ ታይቷል። ድምፁን እየመለሰ ያስቸገራቸው የፍጥረታት ጥቅጥቅ ያለ ድርብ ነበር። ማታ ፋይቶፕላንክተኑን ተከትለው ሊበሉ ይወጣሉ፣ ቀን በዓይን አድኖ ከሚበላቸው ለመሸሽ ጨለማ ውስጥ ይወርዳሉ። ዕለታዊ ቀጥተኛ ስደት ይሉታል፤ ቀጥተኛ ያሉት ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታች ስለሆነ ነው። በእንስሳት ብዛት ካየነው በዓለም ትልቁ ስደት ነው፣ የሚደረገውም በየቀኑ ነው። «ታዲያ ይህን ያህል የሚጓዝ እንዴት ፕላንክተን ይባላል?» ካልሽ ጥሩ ጠየቅሽ። ወደ ላይና ታች መሄድ ይችላሉ፤ ጅረቱ በአግድም ሲወስዳቸው ግን እምቢ ማለት አይችሉም።

ስለ ግፊት ብዙ አልልም። በየ10 ሜትሩ አንድ የከባቢ አየር ግፊት ይጨመራል፣ በቃ። ምን ማለት እንደሆነ ለማየት ተመራማሪዎች የስፖንጅ ፕላስቲክ ኩባያ ላይ በስክሪብቶ ሥዕል ይሥሉና ከመሣሪያው ጋር አሥረው ይሰዱታል። ሁለት ሦስት ሺህ ሜትር ወርዶ ሲመለስ ከአሻንጉሊት ስኒ አይበልጥም። ቅርፁ እንዳለ ነው፣ ሥዕሉም አለ፣ ሁሉም ተኮማትሯል። አየሩ ነው የተጨመቀው። የጥልቅ ባሕር ፍጥረት ሰውነት ውስጥ እንደዚያ ያለ አየር ስለሌለ አይጨማደድም።

በ1840ዎቹ ኤድዋርድ ፎርብስ የተባለ የተፈጥሮ ሊቅ ከ550 ሜትር ገደማ በታች ሕይወት የለም የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ከ1872 እስከ 1876 ዓለምን የዞረችው ቻሌንጀር መርከብ ከዚያ እጅግ ከጠለቀ ወለል ፍጥረታትን እያወጣች ሐሳቡን ቀበረችው። ትልቁ ድንጋጤ ግን በ1977 መጣ። ጋላፓጎስ አጠገብ 2,500 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ አልቪን የተባለችው ጠላቂ ጀልባ ፍል ውሃ የሚተፋ የወለል ስንጥቅ አገኘች፣ ዙሪያው በሕይወት የተሞላ። ከነዋሪዎቹ አንዱ አፍም አንጀትም የሌለው ረጅም ትል ነው። የሚመግቡት ሰውነቱ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ምግብ የሚሠሩት ከብርሃን ሳይሆን ከኬሚካል፣ በተለይ ከሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። ኬሞሲንተሲስ ማለት ይህ ነው። ከፎቶሲንተሲስ የሚለየው ጉልበቱ ከየት መጣ በሚለው ነው። ሌላው ጥልቅ ባሕር ግን የሚኖረው ከላይ በሚወርድለት ፍርፋሪ ነው። የሞተ ፕላንክተን፣ ዓይነ ምድር፣ ዝልግልግ ነገር ሁሉ ተጣብቆ ቀስ እያለ ይዘንባል። የባሕር በረዶ ይሉታል። ስሙ ከይዘቱ እጅግ ያምራል።

ሦስተኛው ጥያቄ የውሃ ክብደት ነው። ከሁሉም በላይ ጊዜሽን እዚህ ላይ አጥፊ፣ ምክንያቱም ስነ ሕይወቱና ፊዚክሱ የሚጋቡት እዚህ ነው።

አንድ ብርጭቆ እስከ ግማሹ ቀዝቃዛ ውሃ ሙይ። ሌላ ዕቃ ውስጥ ሙቅ ውሃ ላይ ትንሽ ቀለም ጠብ አድርጊ። ሙቁን በማንኪያ ጀርባ ላይ ቀስ እያደረግሽ ቀዝቃዛው ላይ አፍስሺው። ቀለም ያለው ከላይ ይቀመጣል። በመሃላቸው መስመር ይታያል። ያ መስመር ቴርሞክላይን ነው። ቴርሞክላይን ማለት ወደ ታች ስትወርጂ ሙቀቱ በአጭር ርቀት ቶሎ የሚቀንስበት ንብርብር ነው። ሙቀቱን በጨው ተኪው፤ ጨዋማነቱ ቶሎ የሚለወጥበት ሃሎክላይን ይሆናል። የሁለቱ ድምር ውጤት፣ ማለትም የውሃው እፍግታ ቶሎ የሚጨምርበት፣ ፒክኖክላይን ነው። ሦስቱን ለየብቻ መሸምደድ ምን ያደርጋል? አንድ ሐሳብ ናቸው። ቀዝቃዛ ውሃ ከባድ ነው፣ ጨዋማ ውሃ ከባድ ነው፣ ከባዱ ከታች ይተኛል።

ጨዋማነትን በተመለከተ አንድ ቁጥር ብቻ ያዢ፦ 35። በአማካይ 1 ኪሎ የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ። ቀይ ባሕር ብዙ ስለሚተንና ወንዝ ስለማይገባበት በሰሜኑ 40 ይደርሳል፤ ባልቲክ ባሕር ደግሞ ወንዝ ስለሚበዛበት የላይኛው ውሃው ከ10 በታች የሚሆንበት ሰፊ ቦታ አለው። ቀይ ባሕር ሌላም ጉድ አለው። ውቅያኖስ ውስጥ 2,000 ሜትር ብትወርጂ ውሃው ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ነው። ቀይ ባሕር ውስጥ እዚያው ጥልቀት ላይ 21 ዲግሪ ገደማ ታገኛለሽ። ባብ ኤል መንደብ ላይ ያለው ወለል ከፍ ብሎ እንደ ደፍ ስለሚያግድ የሕንድ ውቅያኖስ ቀዝቃዛ የታች ውሃ መግባት አይችልም።

አሁን ዋናው። ፋይቶፕላንክተን ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ብርሃንና ናይትሬትን፣ ፎስፌትን የመሰለ ማዳበሪያ። ብርሃኑ ያለው ከላይ ነው። ማዳበሪያው ግን የሞተው ሁሉ ወደ ታች እየዘነበ ስለሚበሰብስ ከታች ይከማቻል። በመሃል ያ ፒክኖክላይን እንደ ክዳን ተጋድሟል። የባሕር ምርት ታሪክ በሙሉ ክዳኑን ማን ከፈተው የሚል ታሪክ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። በሐሩር አካባቢ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የላይኛውን ውሃ ስለምታሞቅ ክዳኑ በአብዛኛው ቦታ አይከፈትም። ስለዚህ ፖስትካርድ ላይ የምታይው ጥርት ያለ ሰማያዊ ውሃ ጥርት ያለው ብዙ ነዋሪ ስለሌለው ነው። በረሃ ነው። አረንጓዴና ድፍርስ የሚለው ነው ሀብታሙ።

ታዲያ ክዳኑን ማን ይከፍታል? ወደ አራተኛው ጥያቄ ገባን። ከከፋቾቹ ዋነኛው ነፋስ ነው፣ ነገር ግን እንደምታስቢው አይደለም። ኖርዌጂያዊው አሳሽ ፍሪድትዮፍ ናንሰን ከ1893 እስከ 1896 መርከቡን በአርክቲክ በረዶ ውስጥ አስይዞ ሲጓዝ በረዶው በነፋሱ አቅጣጫ ሳይሆን ወደ ቀኝ እያደላ እንደሚሄድ አስተዋለ። ምክንያቱን በ1905 በሂሳብ ያስቀመጠው ስዊድናዊው የባሕር ሳይንስ ሊቅ ቫግን ዋልፍሪድ ኤክማን ነው። ምድር ስለምትሽከረከር ነፋስ የሚገፋው የላይኛው ውሃ በሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ ወደ ቀኝ፣ በደቡባዊው ወደ ግራ ይታጠፋል። ከላይ እስከ ታች ሲደመር ጉዞው ከነፋሱ በ90 ዲግሪ ይወጣል።

ይህን ይዘሽ ወደ ፔሩ ዳርቻ ሂጂ። ነፋሱ ከደቡብ ወደ ሰሜን በባሕሩ ዳርቻ ትይዩ ይነፍሳል። ደቡባዊ ንፍቀ ክበብ ስለሆነ ውሃው ወደ ግራ፣ ማለትም ወደ ምዕራብ፣ ከየብስ እየራቀ ይሄዳል። የሄደውን የሚተካ ውሃ ከየት ይምጣ? ከታች። ቀዝቃዛ፣ በማዳበሪያ የጠገበ ውሃ ወደ ብርሃኑ ይወጣል። አፕዌሊንግ ይሄው ነው። ካሊፎርኒያ፣ የሰሜን ምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ፣ ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ ፊት ለፊት ያለው የቤንጉዌላ ጅረት፣ ሁሉም በዚህ የሚኖሩ የዓሣ ቤቶች ናቸው። የሶማሊያው ደግሞ ወቅት ይጠብቃል። ከሰኔ እስከ መስከረም የደቡብ ምዕራቡ ሞንሱን (ወቅታዊ ነፋስ) ሲነፍስ አፕዌሊንጉ ይበረታል፤ ሞንሱኑ አቅጣጫ ሲቀይር የሶማሌ ጅረት ራሱ ተገልብጦ ይፈሳል። ወደ ኋላ የሚዞር ትልቅ የውቅያኖስ ጅረት በየቦታው አታገኚም።

ስለ ጅረት ካነሳን፣ በአማርኛ ሞገድ፣ ማዕበል፣ ወጀብ እያልን ስለምናቀያይር ተማሪ የሚደናገርበት ነገር አለ። የባሕር ሞገድ የሚያጓጉዘው ጉልበት ነው፣ ውሃውን ብዙም አይወስደውም። ቡሽ ጣይበትና ተመልከቺ፣ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ ከሞገዱ ጋር አይሄድም። ጅረት ግን ውሃውን ራሱን ይወስዳል። የጨረቃና የፀሐይ ስበት የሚያመጣው የባሕር ሙላትና ጉድለት ሦስተኛ ነገር ነው። ሱናሚ ደግሞ ከሙላቱ ጋር ዝምድና የለውም፤ እንደ 2004ቱ የሕንድ ውቅያኖስ አደጋ አብዛኛውን ጊዜ የባሕር ወለል የመሬት መንቀጥቀጥ ነው የሚያስነሳው። ቴርሞሃላይን ዝውውር የሚለውን ካየሽ ስሙን ሰንጥቂው፤ ቴርሞ ሙቀት፣ ሃላይን ጨው። ዋልታ አካባቢ የቀዘቀዘና የጨው መጠኑ ከፍ ያለ ውሃ ከብዶ ሰምጦ በውቅያኖስ ወለል ሲዞር እስኪመለስ ወደ ሺህ ዓመት ይወስዳል።

ሁለት ቃላት ግን ከአራቱ ጥያቄ ውጪ ስለሆኑ ለብቻ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ፈተና ላይ ሁሌም ይመጣሉ። የኮራል መንጣት፦ ኮራል ተክል አይደለም፣ ድንጋይም አይደለም፣ እንስሳ ነው፤ ሥጋው ውስጥ የሚኖሩ ደቃቃ አልጌዎች ይመግቡታል፣ ቀለሙንም አብዛኛውን እነሱ ይሰጡታል። ውሃው ከለመደው የበጋ ጣሪያ በ1 ዲግሪ ያህል በልጦ ለሳምንታት ከቆየ አልጌዎቹን ያስወጣቸዋል። ነጭ የሆነው አጽሙ በሥጋው አልፎ ስለሚታይ ነው። የነጣ ኮራል የሞተ ኮራል አይደለም፤ የተራበ ነው፣ ሙቀቱ ቶሎ ከተመለሰ ሊያገግም ይችላል። ሁለተኛው የውቅያኖስ አሲዳማ መሆን፦ ባሕሩ አሲድ ሆነ ማለት አይደለም። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፣ አሲድ የሚባለው ከ7 በታች ሲሆን ነው) ከኢንዱስትሪ አብዮት በፊት ከነበረበት 8.2 ገደማ ወደ 8.1 ገደማ ወርዷል፣ አሁንም ከ7 በላይ ነው። ትንሽ ይመስላል። መለኪያው ሎጋሪዝም ስለሆነ ግን የሃይድሮጅን አዮኑ መጠን በ30 በመቶ ያህል ጨምሯል ማለት ነው፤ ቅርፊት ለሚሠሩ ፍጥረታት ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ይህን ዓረፍተ ነገር አንብቢ (ኤል ኒኞ በየጥቂት ዓመቱ የምሥራቃዊ ፓስፊክ የላይኛው ውሃ የሚሞቅበት ክስተት ነው፤ የንግድ ነፋሶች በሐሩር አካባቢ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ዘወትር የሚነፍሱት ናቸው)፦ «በኤል ኒኞ ወቅት የንግድ ነፋሶች ስለሚደክሙ በምሥራቃዊ ፓስፊክ ቴርሞክላይኑ ይጠልቃል፣ አፕዌሊንጉ ሞቃትና ድሃ ውሃ ያወጣል፣ የፋይቶፕላንክተን ምርትም ይወድቃል።» ትናንት ቢሆን አምስት ቃል ትፈልጊ ነበር። አሁን ክዳኑ ወደ ታች እንደወረደ፣ ፓምፑ፣ ማለትም አፕዌሊንጉ፣ ቢሠራም የሚስበው ከክዳኑ በላይ ያለውን ባዶ ውሃ እንደሆነ ይታይሻል። በ1970 የፔሩ አንቾቬታ (ትንሽ ዓሣ ናት) ምርት ወደ 12 ሚሊዮን ቶን ደርሶ ነበር። ከመጠን በላይ እየተጠመደ ሳለ የ1972ቱ ኤል ኒኞ መጣበት፣ ዓሣው ወደቀ። ፋይቶፕላንክተን ሲጠፋ ዙፕላንክተን፣ ዙፕላንክተን ሲጠፋ ዓሣው፣ ዓሣው ሲጠፋ ወፎቹ።

እንግዲህ ያጠፍሽውን ዝርዝር አውጪው። ከእያንዳንዱ ቃል ጎን ትርጉሙን ሳይሆን የየትኛው ጥያቄ መልስ እንደሆነ ጻፊ፤ ይወሰዳል ወይስ ይዋኛል፣ ብርሃን፣ ክብደት፣ ነጂው። አንዳንዱ ሁለት ሦስት ጥያቄ ይወስዳል። ለሙከራ ኤስቹዋሪን ያዢ፣ ወንዝ ባሕር የሚገባበት አፍ ማለት ነው። ወንዙ ቀላል ነው፣ ባሕሩ ከባድ፤ በመሃላቸው ምን ይፈጠራል? ሙላቱ ሲመጣ ያ መስመር ወዴት ይሄዳል? ጭቃው ውስጥ የተቀበረው ትልስ ጨዋማነቱ በቀን ስንቴ ሲለዋወጥበት ይውላል? መልሱን ጻፊልኝ፣ አያለሁ።